ውሃው ከየት መጣ?

ጥፋት በቤታችን በተገኘ ጊዜ ከምክንያቱ አስቀድመን ጥፋተኛውን እንፈልጋለን። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በእኔ አፍ በአንድ ልጅ ላይ የደረሰውን ለመናገር ነው።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤ በኩል ወሰን በሚባለው ሰፈር ነው። ከሰሜን በኩል የከበበን ተራራ ከእንጦጦ የሚቀጥለው ነው፤ የለበሰውም ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ግድም፣ ለከተማይቱ የማገዶና የቤት እንጨት ችግር መድኃኒት ሆኖ ተተከለ፤ ብዙ ቤትም አቁሞልናል። ቅጠሉ ግን ወፍራምና ቅባታም ስለ ሆነ ቶሎ አይበሰብስም፤ በበጋም በክረምትም ይረግፋል። በእኔም ግቢ አንድ ትልቅ አለ። ጎረቤቴ ቅርንጫፉን እንድቆርጥ ሁለት ጊዜ ለምኖኝ ነበር፤ ጥላውን ስለምወደው እሺ አላልሁም። መኪናዬን የማቆመው ከሥሩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አንድ ጧት የመኪናዬን በር ብከፍት የሻገተ ጆንያ የሚመስል ሽታ ተቀበለኝ። በቀኝ በኩል ያለውን ምንጣፍ በጫማዬ ብረግጠው ውሃ ተፋ። ወዲያው ትዝ ያለኝ በሰፈራችን ላቫጆ መኪና የሚያጥበው ልጅ ነው። ከሦስት ቀን በፊት አጥቦልኛልና። እርግጥ ነው፣ የፊት መስተዋቴን አንድ ጋራዥ ከለወጠው ገና ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን የጋራዡ ጌታ ተሟጋች ሰው ነው፣ ልጁ ደግሞ የሚሟገትለት የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሄጄ በሰው ፊት፣ «ውስጡን በጎማ አጠብህብኝ፤ መኪናዬን አበሰበስኸው» አልሁት።

«ጋሼ፣ እኔ ውስጡን በጨርቅ ነው የምጠርገው» አለኝ።

«ዝም በል» አልሁት። ሒሳቡንም ሳልሰጠው ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት መኪናዬን ማንም አላጠባትም። ምንጣፉን በጨርቅ እየመጠጥሁ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር በሩን ከፍቼ እያናፈስሁ አደርቀው ነበር። ፍልሰታ ገብቶ አንድ ሌሊት ያ የምናውቀው ዶፍ ወረደና፣ ጧት ስከፍት ውሃው ከበፊቱ ብሶ ተኝቷል። እንግዲህ ማንን ልክሰስ?

ምርመራውን የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። አስቀድሜ ውሃውን በጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት። ለማሞቂያው የሚዞረው የራዲያተር ውሃ ቢሆን፣ መድኃኒት ስላለበት ያሙለጨልጫል፣ ጣፋጭ ጣፋጭም ይሸታል፤ ይህ ግን ጥርት ያለ የዝናብ ውሃ ነበር። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ እንዳይባልም፣ በዚያ ብርድ ማን አብርቶት? ቀጥሎ በሮቹን ጠረጠርሁ። በመስኮቱ ገብቶ በበሩ ሆድ የሚወርድ ውሃ ከታች ባሉ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት፤ ወደ ውስጥ እንዳይሻገር የሚከለክለው ከሽፋኑ በስተጀርባ የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈትቼ ባየው ላስቲኩ ደኅና ነበር፤ ቀዳዳዎቹም ክፍት ናቸው።

ከዚያ ልጄን ባትሪ አስይዤ ከውስጥ አስቀመጥሁት፤ ውሃ ሲያይ መንገዱ እንዲታወቅም በየጠርዙ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስሁ። እኔ ከውጭ በውሃ ጎማ ከታች ጀምሬ ቀስ እያልሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ ያረጥበዋልና ምኑም አይለይለትም። በሮቹ ምንም አላስገቡም። ከፊት መስተዋቱ እግር ስደርስ ልጄ፣ «አባዬ፣ መጣ! ከአየር ማስገቢያው ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከመስተዋቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከቆሙበት ፕላስቲክ በታች፣ እንደ ቤት አሸንዳ ያለ ቦይ አለ። ከመስተዋቱ የሚወርደው ዝናብ በዚያ ተሰብስቦ በግራና በቀኝ ወደ መሬት ይፈስሳል። ለውስጥ አየር የሚስበውም አፍ እዚያው ነው፤ ውሃ እንዳይገባበት ጠርዙ ከፍ ብሎ ተሠርቷል። ፕላስቲኩን ባነሣው ቦዩ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጢም ብሏል። የቀኙ ቀዳዳ ፈጽሞ ተደፍኖ፣ ዝናቡ እንደ ኩሬ እየተከማቸ በጠርዙ ላይ ተሻግሮ ይገባ ነበር። በእጄ ዝቄ ያወጣሁት አንድ ሳፋ ሞላ።

ቅጠሉን ስዝቅ ያለፈው ዓመት አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ያው ልጅ መኪናውን እያጠበ፣ «ጋሼ፣ ቅጠል ከዚህ ሥር ይገባል፤ ልክፈትና ልጥረገው?» ብሎኝ ነበር። እኔም ተጨማሪ ዋጋ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ፣ «ያልታዘዝኸውን አትንካ» አልሁት።

ማድረቁ ከማግኘቱ ይልቅ አደከመኝ። ከወንበሩ በታች ሽቦ አለና አስቀድሜ የባትሪውን ገመድ ነቀልሁ፤ ከዚያ ወንበሩን አውጥቼ ምንጣፉን ገለበጥሁት። ላዩ የደረቀ የመሰለኝ ምንጣፍ ከሥሩ እንደ ፍራሽ ያለ ወፍራም ጨርቅ አለው፤ እሱ ውሃውን ሁሉ ይዞ ኖሯል፤ የወለሉም ብረት ዝገት ጀምሯል። አንድ ወዳጄ በምድጃ ከሰል አቀጣጥዬ ውስጡ እንዳስቀምጥ መከረኝ። ይህን ማንም እንዳያደርገው! የከሰል ጭስ በተዘጋ ስፍራ ሰው ይገድላል። እኔስ ጨርቁን እየጨመቅሁ፣ ጧት ከግንብ ላይ እያሰጣሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ እያስገባሁ ከረምሁ።

ከዚህ የከበደኝ ግን ወደ ላቫጆው መሄድ ነው። ሁለት ቀን አልፌው ሄድሁ፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ነገ ይሻላል እያልሁ። በሦስተኛው ቀን ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች እንዳሉ አየሁና ገባሁ። በፊታቸው፣ «ያ ነገር ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቅጠል ነው የደፈነው፤ አንተ ነግረኸኝ ነበር» አልሁት። ያስቀረሁበትንም ሒሳብ ሰጠሁት።

ልጁ ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ምንጣፉስ ደረቀ?» አለኝ።

ከሥሩ ገና እንደ ሆነ ነገርሁት።

«እንግዲያው ነገ በጧት ያምጡት፤ እዚህ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ቶሎ ይወጣል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።