ያጠፋሁት መዝገብ

ባለፈው ክረምት በገዛ እጄ ያደረስሁትን ጥፋት ጓደኞቼ ቢሰሙት ከእንደዚህ ያለ ድንጋጤ ይድኑበት ይሆናል ብዬ፤ ምንም እንኳ የሚያሳፍረኝ ቢሆን፤ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

በቤታችን ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ዊንዶውስና ኡቡንቱ የተባሉ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ተጭነውበት ነበር። ሲከፈት ግራብ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም አስቀድሞ ይነሣና በየትኛው መግባት እንደምንፈልግ ያስመርጠናል። ሃርድ ዲስኩ በ4 ክፍል የተከፈለ ሲሆን በ3ኛው ውስጥ የአባቴ መዝገብ ይገኝ ነበር። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለ ሆነ የወር መዋጮውንና ለሐዘንተኞች የሚሰጠውን ገንዘብ የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ግን ለጨዋታ የሚሆን ቦታ ፈልጌ ኡቡንቱን ለማጥፋት ተነሣሁ። ቀድሞ በጫንሁበት ፍላሽ ኮምፒዩተሩን አስነሥቼ የኡቡንቱን 4ኛ ክፍል ሰረዝሁ፤ 3ኛውም የእርሱ ተቀጥላ ስለ መሰለኝ ሳላጣራ አብሬ ሰረዝሁት። ዘግቼ ስከፍተው በጥቁሩ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩም «ግራብ ሬስኪው» የሚል ታየና ሁሉም ቀጥ አለ። ግራብ የሚያስፈልገው ፋይል የተቀመጠው በኡቡንቱ ክፍል ውስጥ ስለ ነበረ ዊንዶውስም ሊነሣ አልቻለም።

ይህ የሆነው ሐሙስ ማታ ነው፤ የእድሩ ስብሰባ ደግሞ እሑድ ነበረ። መብራት ሲጠፋ ተበላሸ ብዬ ለመዋሸት አሰብሁ። (በሰፈራችን ይህን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።) ነገር ግን የብዙ ሰው ገንዘብ ሂሳብ ሲጠፋ የሚታማው አባቴ መሆኑ ትዝ ቢለኝ እውነቱን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፤

«እስከ እሑድ ይደርሳል?» ብቻ አለኝ።

በማግሥቱ ወደ ኮምፒዩተር መምህራችን ሄድሁ።

«ከሰረዝህ ወዲህ በዲስኩ ላይ ሌላ ነገር ጽፈሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አልጻፍሁም ብላቸው ፊታቸው ፈካ። እንዳስረዱኝም፤ እንደ እኛ ባለ አሮጌ ኮምፒዩተር የዲስኩ የመጀመሪያ ቁራጭ 512 ባይት ነው። ከዚህም 446ቱ የማስነሻው ፕሮግራም ቦታ፤ 64ቱ የክፍሎቹ ሰንጠረዥ፤ የቀሩት 2ቱ ምልክት ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል በሰንጠረዡ ላይ የተመደበለት 16 ባይት ነው። እንግዲህ እኔ የሰረዝሁት 32 ባይት ብቻ ነበረ ማለት ነው፤ የመጽሐፉን ማውጫ ቀደድሁ እንጂ ገጾቹን አልነካሁም። አዲስ ክፍል ፈጥሬ ጨዋታውን ጭኜበት ቢሆን ኖሮ ግን ገጾቹም ይፋቁ ነበር።

እንደ ገና በፍላሹ አስነሥተን ቴስትዲስክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትን። ዲስኩን እየመረመረ የጠፉት ክፍሎች የሚጀምሩበትን ምልክት ይፈልጋል። ሁለቱንም አገኘ። በ3ኛው ላይ «ፒ» የሚለውን ፊደል ስጫን የፋይሎቹ ስም ተዘረዘረ፤ «የእድር መዋጮ» የሚለውን ባየሁ ጊዜ ጮኽሁ። መምህሩ ግን ሰንጠረዡን ወዲያው እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም፤ አስቀድሞ የአባቴ ፋይሎች በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ተገለበጡ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ተጻፈ፤ ኮምፒዩተሩን ስንከፍተውም የግራብ ምርጫ እንደ ቀድሞው ብቅ አለ።

እሑድ አባቴ ሂሳቡን ለአባላቱ አነበበ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ፍላሽ ይዞ ይመጣና «ገልብጥልኝ» ይለኛል፤ ስገለብጥም እስክጨርስ ድረስ ከአጠገቤ አይነሣም።