በሶና ጻምፓ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ከሌላ አገር ሰው ጋር እንዲወዳጅ አዘውትሮ ይመከራል። ምክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግብዣና ከሽርሽር አያልፍም። በእኔ አስተያየት ወዳጅነትን የሚያጸናው አንዱ የሚጠይቀው፣ ሌላው የሚመልሰው ነገር መኖሩ ነው።

ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለን። የመካነ ሥላሴ ተወላጅ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሮም ላይ የተገናኙት በ1649 እ.ኤ.አ. ነበር። ሉዶልፍ ግእዝን ያወቀው ከመጻሕፍት እንጂ ከሰው አንደበት አልነበረም፤ የጎደለውን አባ ጎርጎርዮስ ሞሉለት። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው ወደ ጀርመን ተሻገሩ፤ በዚያም ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ የተጠየቁትን መለሱ። በ1658 በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 ነው። የወዳጁን ውለታ በጽሑፎቹ አልሸሸገም፤ የደራሲነቱ ስም ግን የእርሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እኔም የምማረው በጀርመን ነው፤ የቅርብ ወዳጄ ግን ጀርመናዊ አይደለም። ከኔፓል ተራሮች፣ ከሙስታንግ የመጣ ነው። (እንግዳ ከእንግዳ ጋር ቶሎ ይግባባል።) ያገናኘን ገብስ ነው። እነርሱ ጻምፓ የሚሉት እንደ በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ እኛ በውኃ የምናሸውን እነርሱ ቅቤና ጨው በገባበት ሻይ ያሹታል። ለበሶ የሚመረጠው የትኛው ዘር እንደሆነ ሲጠይቀኝ አምባ ጊዮርጊስ ላለችው እናቴ ደወልሁ። የወገራ ሴት ናትና ዘሩን፣ አቆላሉን፣ መድረሱ በሽታው እንዴት እንደሚታወቅ ዘርዝራ ስታበቃ፣ «የእነርሱስ በምን ይታሻል?» አለችኝ። ብነግራት፣ «ቅቤ ካለበትማ የእኛው ነው» ብላ ሳቀች። እርሱም በተራው እናቱን ጠየቀ።

አሁን ስለ ሁለቱ ምግቦች አጭር ጽሑፍ በጋራ እያዘጋጀን ነው። የሁለታችንን ስም በፊደል ተራ ለማስቀመጥ አልተቸገርንም። ያከራከረን የእናቶቻችን ነገር ነው። እርሱ፣ ጸሐፊ የሚባለው የመጨረሻውን ረቂቅ አንብቦ ያጸደቀ ነውና በምስጋናው ክፍል ይጠቀሱ ይላል። እኔ ደግሞ በየቋንቋቸው ተነቦላቸው ማጽደቅ ይችላሉ እላለሁ። ባለፈው እሑድ የአቆላሉን ክፍል ወደ አማርኛ መልሼ በስልክ ለእናቴ ማንበብ ጀመርሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ አስቆማ ጠየቀችኝ።