ያለ ማኅተም ያስተዳደርኩት ሰፈር

ሰፈር ለማስተዳደር ሹመት፣ ማኅተምና ስብሰባ ያስፈልጋል የሚል ሰው ሲምስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። እኔ ባሌ ሮቤ ላይ፣ መብራት በፈቀደ ምሽት ሁሉ፣ ከጋቢዬ ሳልወጣ አንድ ሙሉ ሰፈር በኮምፒውተር አስተዳድሬያለሁ። ቦታ መርቻለሁ፣ ግድግዳ አፍርሻለሁ፣ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ 20,000 ሲሞሊዮን (የጨዋታው ገንዘብ ነው) ይዞ ይገባል፤ «ፋይልህ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» የሚለው የለም። ነዋሪዎቼ ዋና ገንዳ ሳይቀር ነበራቸው። የባሌን ብርድ ለሚያውቅ ይህ ከልማት ይልቅ ቅጣት ይመስላል፤ እነሱ ግን የጎረቤታችን የጎባ ብርድ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ በደስታ ይዘላሉ።

አንድ ምሽት ጎረቤታችን እማማ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ፣ የገንዳውን መሰላል አንስቼ ስለነበር አንዱ ነዋሪዬ መውጫ አጥቶ ሰጠመ። ይህ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ግፍ ነው። በሟቹ ምትክ የመቃብር ድንጋይ ቆመ፤ ሰፈሩም ሥራውን ቀጠለ።

«ድንኳን የሚተክል የለም?» አሉ እማማ።

«የለም እማማ።»

«እድር የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ቤት ደረደርክ እንጂ ሰፈር የት አለህ?»

እማማ ሳያውቁት የጨዋታውን የትውልድ ታሪክ ነው የነኩት። ፈጣሪው አሜሪካዊው ዊል ራይት ነው፤ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲምሲቲ በተባለው ጨዋታ ከተማ መቆርቆርን ለዓለም አስለምዷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ኮረብታ ላይ የተነሳ ቃጠሎ የ25 ሰዎች ሕይወት ሲያጠፋ፣ የራይትም ቤት በሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ቤቶች ጋር ነደደ። ሰውዬው ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት ሲነሳ የትኛው ዕቃ በእርግጥ እንደሚያስፈልገውና ለምን እንደሚያስፈልገው ያሰላስል ጀመር። ስለ ቤትና ስለ ሰፈር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመውን የአርክቴክቱን የክሪስቶፈር አሌክሳንደርን መጽሐፍ እያሰበ፣ ቤት የመንደፍ ጨዋታ ወጠነ። ሰዎች ወደ ጨዋታው የገቡት ለንድፉ ማርክ እንዲሰጡ ብቻ ነበር፤ መጸዳጃው ከራቀ ያጉረመርማሉ፣ አልጋው ከጎረበጠ ፊታቸው ይጠቁራል።

ታዛቢ ሆነው የመጡት ግን ቤቱን ወረሱት። ተጫዋቹ ከግድግዳው ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ መከታተል ያዘ። «የአሻንጉሊት ቤት» በሚል መጠሪያ ሲንከባለል የቆየው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲምስ ተብሎ ወጣ፤ በ2002 ከፒሲ ጨዋታዎች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሠራው ጨዋታ ውስጥ ወጥ መሥራት ያልለመደ ምድጃ ለኩሶ ቤቱን ያነዳል። ሰው ከደረሰበት ነገር ለሌላውም ሳያካፍል አይቀርም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጨዋታው ሰዎች አእምሮ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ራይት ቀደም ብሎ ስለ ጉንዳን ሲምአንት የተባለ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ ጉንዳን ደግሞ ብዙ ሳያስብ የሽታ ፈለግ ተከትሎ ይውላል። ሲምስም ውስጥ ብልሃቱ ያለው በዕቃው ነው። ፍሪጁ «ረሃብ አስታግሳለሁ»፣ ሶፋው «አሳርፋለሁ» እያለ በየፊናው ይጣራል፤ ሰውዬው በጊዜው ለባሰበት ችግር የሚበጀውን መርጦ ይሄዳል። ይህን ለሮቤ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ቡና የተቆላበት ቤት ማንንም በስም ሳይጠራ ሰፈሩን ይሰበስባል።

በእውነተኛ ሰው የተሞከረውን የሰፈር ድርደራ ደግሞ ባሌ ከራይት በፊት ታውቀዋለች። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነት ሲያበቃ፣ ደርግ የተበታተነውን ገበሬ በመንደር ማሰባሰብ የጀመረው እዚሁ ባሌ ነው። በኋላ ሐረርጌ ተከተለች፤ ከዚያም «የመንደር ምሥረታ» በሚል ስም በመላ አገሪቱ ሚሊዮኖችን አንቀሳቀሰ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ የተሰለፈ ነበር፤ ከላይ ለሚያይ ያማረ። ከታች ግን ማሳው ከደጁ ራቀ፣ ከብቱም ግጦሹ ተጣበበበት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በብዙ ቦታ ገበሬው ቤቱን ነቅሎ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ማሳው ተመለሰ።

ራይትና ደርግ ሁለቱም ሰው ከማስገባታቸው በፊት መስመር አስምረዋል። የሚለያዩት በማርኩ ነው። ራይት ማርክ የመስጠቱን ሥልጣን ለነዋሪው ለቀቀ፤ ነዋሪው ሲያጉረመርም ንድፉ ወደቀ ማለት ነው። ደርግ ንድፉን ራሱ ሠርቶ፣ ፈተናውን ራሱ አርሞ፣ ለራሱ መቶ ከመቶ ሰጠ፤ ጉርምርምታውን ደግሞ ፀረ አብዮት አለው።

ነዋሪው ንድፍ ሳይጠብቅ ሰፈሩን እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሮቤና ጎባን እንኳ እዩ። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ 14 ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብላ ሮቤ ሆናለች፤ አውሮፕላን ማረፊያውን ማንም እንዳይቀየም በጋራ ይጠቀሙበታል። ሹመቱ ቢዛወርም ሕዝቡ ከተሞቹን በመታወቂያ አልተካፈለም፤ አንዷ ዘንድ ያድራል፣ ሌላዋ ዘንድ ይሸምታል፣ ለቅሶ ሁለቱም ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ማስተር ፕላን ለሚያወጣ ሁሉ ያለ ክፍያ የማቀርበው ምክር፦ መንገዱን ከማስመርህ በፊት የእድሩን ዳኛ ጠይቅ። ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ከጠፋ፣ ፕላንህ ለጊዜው ለሲምስ ይሁን።