ጎረቤት መምረጥ

የዓሣ ነገር ሲነሣ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን መጥበሻው ነው። ሎሚ ተጨምቆበት ሳህን ላይ የተጋደመው የሐዋሳ ቆሮሶ ቤተ ዘመድ ያለው ፍጡር መሆኑን ማን ያስባል? አለው እንጂ! ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ነው የሚወለደው፤ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ ድንክ ዘመዶችም አሉት። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሡኝ እነዚህ ድንኮች ናቸው።

ምክንያቱ እናቴ ናት። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ከአልጋዋ ብዙ አትርቅም። የድሮው ሠፈራችን ፈርሶ ጎረቤቶቿ በየኮንዶሚኒየሙ ስለ ተበተኑ ጠያቂዋም ተመናምኗል። በመስኮቷ የሚታያት የፊት ለፊቱ ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአልጋዋ ትይዩ የመስተዋት ገንዳ ላቆምላት ቆርጫለሁ፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር። ሲሞላ 112 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻውን ከኩንታል ስለሚበልጥ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይፈልጋል።

ከድንኮቹ መካከል ዓይን የሚሰርቀው የቬኔዙዌላና የኮሎምቢያው ራም ነው። ይሁን እንጂ 27 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ውኃ ይወዳል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው፤ መብራት ከጠፋ ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልቤ ወደ አህጉራችን ልጅ፣ ወደ ደቡብ ናይጄሪያና ወደ ካሜሩን ጠረፍ ወንዞች ዓሣ፣ ወደ ክሪቤንሲስ አዘነበለ። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ጠባዩም ቻይ ነው። የሴቷ ሆድ እንደ ቼሪ ይቀላል፤ ወንዱን የምታባብለውም እሱን እያሳየች ነው።

ዕቅዱን በወረቀት ሥዬ ሳሳያት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«ይጣላሉ?»

ይጣላሉ። ጥንዶቹ ዋሻ ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ አካባቢውን የግላቸው ያደርጉታል፤ ሴቷ እንቁላሉን ስትንከባከብ ወንዱ ደጁን ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ጥንድ ብቻ። ዋሻቸው በጎኑ የተጋደመ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይሆናል። ኮሪዶራስ የሚባለውን ጢማም ዓሣም ጨምሬ ነበር፤ እሱ ግን ወለል ለወለል ምግብ ሲፈልግ የሰው ድንበር አይገባውም፤ ሲባረር ተመልሶ ይመጣል።

«ታዲያ ያን ምስኪን በሰው ደጅ ለምን ታስደበድበዋለህ?» አለችኝ። ሰረዝሁት።

በእሱ ፈንታ በመካከለኛው ውኃ የሚንሳፈፉ 12 ቴትራዎች ይገባሉ። ከቁጣ ለመሸሽ ወደ ላይ ቦታ አላቸው። ከኋላ ረጃጅም ቫሊስኔሪያ፣ ከእንጨቱ ላይ ብዙ ብርሃን የማይጠይቁት አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ይተከላሉ፤ ዓሦቹ እንዳይተያዩ መጋረጃ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልቻልሁም። ጫጩቶቹ ከዋሻው ሲወጡ ወላጆቻቸው እየመሩ ያሰማሯቸዋል፤ ቴትራዎቹ ደግሞ የተነጠለውን ይለቅማሉ። ይህን ሁሉ እናቴ ከአልጋዋ ሆና ታያለች። ስነግራት ጥቂት ዝም አለች።

«እኔም ከሰባት አራት ነው ያሳደግሁት፤ ሁለቱ ወላጆች እስካሉ ይታገሉ» አለችና፣ «መደበቂያውን ግን አብዛላቸው» አለችኝ። በማሰሮው ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ የጃቫ ሽበት መሰል ሣር ጨመርሁ።

አሁን የቀረው ትዕግሥት ነው። የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እስኪበን መቆየት አለበት። ከዚያም በማጣሪያው ውስጥ ደግ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ አንድ ወር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ የዓሣ እዳሪ የሚያመነጨውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከናይትሬቱ ዕፅዋቱ ይመገባሉ፤ የተረፈውን በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ በመለወጥ አስወግደዋለሁ። ይህ ሳይደረስ ዓሣ ማስገባት ጣሪያ በሌለው ቤት እንግዳ መጋበዝ ነው።

መብራት ለጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ይኖራል፤ ሙቀቱ እንዳይሸሽ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልላለሁ። ጋቢው የእናቴ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ማን እንደሚለብሰው ገና አልተነጋገርንም፤ እሷ ግን መልሱን የወሰነች ይመስለኛል።