ሩጫውና የደመወዝ መዝገቡ

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ሒሳብ በምይዝበት የሐበሻ ምግብ ቤት የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን በቴሌቪዥን ይታያል። ግማሹ ደንበኛ ለእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ፣ ግማሹ ለኬንያዊቷ ሔለን ኦቢሪ ይጮኻል። ያሸነፈችው ግን አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ሆነች፤ ትዕግሥት ሁለተኛ፣ ኦቢሪ ሦስተኛ ወጡ።

አንድ ደንበኛ የዓለም አትሌቲክስ ለፓሪስ የወርቅ ባለቤቶች 50,000 ዶላር እንደሚሰጥ አነሣ። ሲኒ ትሰበስብ የነበረችው አስተናጋጃችን ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «እትዬ፣ ለሴቶቹም ያው ነው?» አለችኝ።

«ያው ነው። ታምራት ቶላ ትናንት ያገኘውን ሲፋን ዛሬ ታገኛለች» አልኳት።

«ደግ አደረጉ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

መልሴ እውነት ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የደመወዙን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝና። ከእርሷ ጋር በአንድ ወር የተቀጠረ፣ ያንኑ ትሪ የሚሸከም፣ በዚያው ሰዓት ገብቶ የሚወጣ ወንድ ባልደረባ አላት። በእርሱ ስም አንጻር 24,000 ሽልንግ፣ በእርሷ ስም አንጻር 18,000 ሽልንግ ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ብጠይቅ «እርሱ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» ተባልኩ። እርሷም እኮ ደሴ ያሉ ሁለት ልጆቿንና እናቷን ታስተዳድራለች!

ለሯጮቹም ቢሆን እኩልነቱ ከሰማይ አልወረደላቸውም። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የሴቶች 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ርቀቱ ለሴቶች ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ታላቁ የዊምብልደን የሜዳ ቴኒስ ውድድር እንኳ ለሁለቱም ጾታ እኩል ሽልማት መክፈል የጀመረው በ2007 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ፣ አሠሪ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል እንዲከፍል ያዝዛል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እንግዲህ የጎደለን ሕግ አይደለም። የሩጫው ሽልማት ዓለም እየሰማው ይነገራል፤ የእኛ ደመወዝ ግን በታሸገ ፖስታ ይሰጣል። አድልዎ የሚኖረው በፖስታው ውስጥ ነው፤ ፖስታውን የማሽገውም እኔ ነበርኩ።

በወሩ መጨረሻ መዝገቡን ይዤ ባለቤቱ ፊት ቀረብኩ። እንጀራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ የሁለቱ ደመወዝ እኩል ሆነ፤ ያለፈው ግን ቀረ። በወር 6,000፣ በሦስት ዓመት 216,000 ሽልንግ።

ፖስታውን ተቀብላ ቆጠረችና፣ «እትዬ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ» ብላ ትርፉን ልትመልስልኝ እጇን ዘረጋች።

«ዛሬስ አልተሳሳትኩም» አልኳት። ከዚያም አስቀምጬ የሦስቱን ዓመት ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።