ስለ ሎንዶን የዜማ ትያትር ቤቶች

ወደ ሎንዶን ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የነገሥታቱን ግቢ፣ የእንደራሴዎቹን ምክር ቤትና በቴምዝ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች ተመልክቶ፣ የአገሩን ግርማ አየሁ ብሎ ይመለሳል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን የከተማውን ሰው ልብ ለማወቅ የሚወድ እንደ ሆነ፣ በምሽት ጊዜ ከኮቨንት ጋርደን ሠፈር ተነሥቶ እስከ ሻፍትስበሪ ጐዳና ድረስ በእግሩ ይሂድ። በዚያ ትያትር ቤቶች እጅግ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ በብዙዎቹም ታሪክ በንግግር ብቻ ሳይሆን በዜማና በጭፈራ ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ይህን ዐይነት ትያትር ከጨዋታ ሁሉ አብልጦ ይወዳል። የሚወድበትንም ምክንያት ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት አስቧል። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዚህ ሠፈር በጥንታዊነቱ የሚታወቀው ድሩሪ ሌን የሚባለው ንጉሣዊ ትያትር ቤት ነው። በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው ትያትር የተከፈተው በ1663 ሲሆን፣ በ1672ና በ1809 የእሳት አደጋ ደርሶበታል፤ ዛሬ የሚታየውም ቤት በ1812 የተከፈተው ነው። መግቢያው አንዱ የንጉሥ ወገን፣ ሌላው የልዑል ወገን ተብሎ ተለይቷል። እንደሚተረከው፣ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ከአልጋ ወራሽ ልጃቸው ጋር ተጣልተው ስለ ነበር፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ተብሎ ነው። አባትና ልጅ መደማመጥ ሲያቅታቸው ቤት እስከ ደጃፉ ድረስ እንደሚከፈል ይህ ምስክር ነው።

በዚሁ ቤት «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለው የዜማ ትያትር ከኤፕሪል 30 ቀን 1958 ጀምሮ 2,281 ጊዜ ታይቷል። ጽሑፉና ግጥሙ የአለን ጄይ ለርነር፣ ዜማው የፍሬድሪክ ሎው ሲሆን፣ መሠረቱ በርናርድ ሾው የደረሰው «ፒግማሊየን» ነው። አንድ የቋንቋ መምህር ከወዳጁ ጋር ተወራርዶ፣ ኢላይዛ የምትባለውን ድኻ አበባ ሻጭ አነጋገሯን አርሞ በመኳንንት ግብዣ ላይ እንደ እመቤት ያቀርባታል። ነገሩ በሠመረ ጊዜ ሁለቱ ወንዶች እየተመሰጋገኑ በደስታ ይዘፍናሉ፤ የደከመችው እርሷ ግን በዚያው ክፍል ሳለች የሚያስባት የለም። የኮቨንት ጋርደን የአበባና የአትክልት ገበያ በ1974 ወደ ሌላ ስፍራ እስኪዛወር ድረስ ከዚህ ትያትር ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቅ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተመልካች ከቤቱ ሲወጣ፣ በመድረክ ላይ ያዘነላትን ልጅ የሚመስሉ ሰዎች በሚሠሩበት ሠፈር አልፎ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወደ ሻፍትስበሪ ጐዳና ሲዘልቁ፣ እስከ 2019 ድረስ የንግሥት ትያትር ይባል የነበረው ሶንድሃይም ትያትር ይገኛል። በዚህ ቤት የሚታየው፣ በአማርኛ «ምንዱባን» በመባል ከታወቀው ከቪክቶር ሁጎ መጽሐፍ የተወሰደው ነው። ዜማውን የደረሰው ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ነው። በ1985 በሎንዶን ባርቢካን ሲጀመር ብዙ የጋዜጣ ጸሐፊዎች ነቅፈውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ቲኬቱን እየተሻማ በመግዛት አጸናው።

የፍርድ ቤት መዝገብ ለሚጽፍ ሰው ይህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ዣን ቫልዣን እንጀራ በመስረቁ 5 ዓመት ተፈርዶበት፣ ለማምለጥ በመሞከሩ ቅጣቱ እየተጨመረ 19 ዓመት ይታሰራል፤ ስሙም ቀርቶ 24601 በተባለ ቍጥር ይጠራል። አንድ ደግ ጳጳስ የሰረቃቸውን የብር ዕቃ ምረው ከነመቅረዙ በሰጡት ጊዜ አዲስ ሰው ይሆናል። የሕግ ጠባቂው ዣቬር ግን ዕድሜውን ሙሉ ያሳድደዋል። ደራሲዎቹ ዣቬርን ክፉ ብቻ አድርገው አላቀረቡትም፤ ለሕግ ያለውን ፍቅር የሚገልጽበት እጅግ ያማረ ዜማ ሰጥተውታል። ያሳደደው ሰው ሊገድለው ሲችል በማረው ጊዜም፣ ሕግና ምሕረት በአንድ ልብ ሊያድሩለት ስላልቻሉ ራሱን ወደ ወንዝ ይጥላል። ተመልካቹም ለሁለቱ ያዝናል።

የመጀመሪያው ክፍል በሚፈጸምበት ጊዜ፣ ተሳዳጁም፣ አሳዳጁም፣ ፍቅረኞቹም፣ ዐመፀኞቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቃል በአንድነት ይዘፍናሉ። ዐሥር ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ጫጫታ ይሆናል፤ ዐሥር ሰዎች በሥርዐት ቢያዜሙ ግን የሁሉም ድምፅ ይሰማል። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ያደገ፣ በማኅሌት ግራና ቀኙ ሲቀባበሉ የሰማ ሰው፣ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በየተራ ይሰማሉ፤ በዜማ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሰሙ ይችላሉ።

ሦስተኛው ተወዳጅ ትያትር «በጣሪያ ላይ ያለው ቫዮሊን መቺ» ነው። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1967 በሄይማርኬት ጐዳና፣ ዛሬ የግርማዊ ንጉሥ ትያትር በሚባለው ቤት ተከፈተ። ታሪኩ በሩሲያ አገር አናቴቭካ በተባለች መንደር የሚኖር፣ አምስት ሴቶች ልጆች ያሉት ቴቭዬ የሚባል ድኻ አይሁዳዊ ወተት ሻጭ ነው። የመጀመሪያይቱ ልጅ አባቷ የመረጠላትን ባለጸጋ ሥጋ ሻጭ ትታ ድኻውን ልብስ ሰፊ ትወዳለች፤ ሁለተኛይቱ በዐመፅ የተጋዘውን እጮኛዋን ተከትላ ወደ ሳይቤሪያ ትሄዳለች። አባታቸው በአንድ በኩል ወግን፣ በሌላ በኩል የልጆቹን ዐይን እየተመለከተ ይፈቅድላቸዋል። ሦስተኛይቱ ከሃይማኖቱ ውጭ ባገባች ጊዜ ግን ፊቱን ያዞርባታል። በመጨረሻ መንደሩ በሙሉ በዛሩ ትእዛዝ ሲሰደድ፣ ለስንብት ለመጣችው ልጅ በቀጥታ ሳይናገር በከንፈሩ ብቻ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ይላል። የዚያን አባት ግማሽ ምርቃት ሰምቶ ልቡ የማይላወስ ወላጅ የለም።

በአገራችንም የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ በድርሰቶቻቸው ውስጥ ተውኔትንና መዝሙርን ስላስተባበሩ፣ ይህ ጥበብ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ዘፈን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሽማግሌ ቢኖር፣ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ ቢመለከት መልካም ነው። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላም፣ የተበደለው ማን ይመስላችኋል ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይጠይቅ፤ ከሁሉ የሚያንሰውም ልጅ አስቀድሞ ይናገር። ለትያትር የሚወጣው ገንዘብ የሚካሰው፣ በዚያ ምሽት በቤት ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ሲደመጥ ነው።