ሳትነሱ አንሱ

አማርኛችን አንዳንዴ ቆጣቢ ነው። ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ራጅ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከቤታችሁ ትነሳላችሁ። ለሦስቱም አንድ ቃል! እኔ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ሦስቱንም በአንድ ሰሞን አየኋቸው።

ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ነበር። («ነበር» ለማለት ምላሴ ገና አልለመደም።) የኮሪደር ልማቱ ወሬ እውነት ሆኖ «ዕቃችሁን ሰብስቡ» ስንባል፣ እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከቤቱ ጋር አንድ ደህና ፎቶ አንሳኝ።» ስልኬን አወጣሁ። «እሱንማ ተወው! የእህትህን ሠርግ ይዞ ታክሲ ውስጥ የጠፋው እሱ አይደል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ደግሞ የትልልቅ ካሜራ ልክፍት አለብኝ። አንዱ ፊልም ብቻውን 10 በ12.5 ሳንቲሜትር የሚያህል፣ ገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳበት ዓይነት። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሁለት የፊልም መያዣ ከላከችልኝ ዓመት ሞልቶታል። መያዣ አለ፣ ካሜራ የለም። ኮርቻ ገዝቶ በቅሎ የሚፈልግ ሰው አይታችኋል? እኔ ነኝ።

በቅሎዋ ጎረቤታችን ቤት ተገኘች። ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) በወጣትነታቸው መንገድ ዳር ጉርድ ፎቶ ያነሱ ነበር። ካሜራቸው የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ሌንስ፣ ጎኑ ላይ እጅ የሚገባበት የጨርቅ እጅጌ፣ ከላይ ቀይ መስታወት፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት ሳህን መድኃኒት። ወረቀት ላይ ያነሱና እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ያጥቡታል። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የወጣውን ወረቀት ሌንሱ ፊት አቁመው እንደገና ያነሱታል። ሰውየው መልኩን የሚያገኘው ያኔ ነው። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ዶሮ ማነቂያ ለዶሮ የዋለው ውለታ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ጀርባውን ቆርጬ የፊልም መያዣ ላስገባበት?» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጆቼን ያሳደግኩበትን ሆዱን ልትቀደው?» አሉኝ። በኋላ ታረቅን። የኋላውን በር ፈትቼ ሌላ በር እገጥምለታለሁ፤ የእሳቸው በር ምንም ሳይነካ ይቀመጣል።

አናጢው በሩን በግማሽ ቀን ሠራው። ያስቸገረችን 5 ሚሊሜትር ነች። ምስሉን እያየን የምናጠራበት ፈዛዛ መስታወትና መያዣው ውስጥ ያለው ፊልም እኩል ጥልቀት ላይ ካልተቀመጡ፣ ዓይን ያጠራውን ፊልሙ ያደበዝዘዋል። መስታወቱን ራሱ ጋራዥ ውስጥ ቫልቭ በሚያሹበት ሸካራ ቅባት ፈትጌ አፈዘዝኩት። ፊልምስ? ክሊኒክ የሚሠራ ወዳጄ፣ ወደ ዲጂታል ሲዞሩ የተረፈ የራጅ ፊልም ከነማጠቢያው ሰጠኝ። 24 በ30 ነው፤ ከአንዱ አራት ይወጣል። ይኼ ፊልም ቀይ ብርሃን ስለማያይ በቀይ አምፖል ሥር እያዩ መቁረጥ ይቻላል። ክፋቱ፣ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን በሁለቱም ፊቱ ላይ ስለሆነ በጥፍር ነካ ስታደርጉት ይጫራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፎቶዎች ጭጋግ ሆነው ወጡ። ጋሼ መጥተው መስታወቱን ዳበስ አደረጉና ሳቁብኝ። የፈዘዘውን ፊት ወደ ራሴ አዙሬ ገጥሜዋለሁ፤ መዞር ያለበት ወደ ሌንሱ ነው። የመስታወቱ ውፍረት ነው ለካ ጉድ የሠራኝ።

ልንወጣ አንድ ቀን ሲቀረን፣ በጠዋቱ፣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ጥላ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ እስከመጨረሻው አጥብቤዋለሁ። መዝጊያ የሚባል ነገር የለውም። ክዳኑን በእጄ ከፈትኩ፣ ጋሼ «አ...ንድ» አሉ፣ ከደንኩ።

ማታ ባዶው ቤት ውስጥ አጠብኩት። ከዚያ ሌላ ፊልም ላይ አነባብሬ ገለበጥኩት። ቤቱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። የቆርቆሮው ዝገት፣ በሩ ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር፣ ሁሉም አለ። የነጠላዋ ቀይ ጥለት ጥቁር ሆኗል። እማዬ ግን ደብዝዛለች። ክዳኑን ስከፍት ዞር ብላ ቤቱን አይታው ነበር።

ተናደድኩ። ሌላ ቀን የለማ! ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ቤቱ ይታያል?»

«ይታያል።»

«በቃ። እኔማ አለሁ።»

ዛሬ ፊልሙ አዲሱ ቤታችን መስኮት ላይ ተለጥፏል። ከኋላው ብርሃን ካልመጣ አይታይም፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ሐኪም ወደ ብርሃን እያስጠጋን ነው የምናሳየው። ጋሼ ልጃቸው ጋ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሣጥኑን ከነበሩ መልሼላቸዋለሁ። ዶሮዋ አልተከተለቻቸውም።

እናንተም ወዳጆቼ፣ እናቶቻችሁን አንሱ። ሳትነሱ አንሱ!

ቸር እንሰንብት።